ወንድሜን ከግድግዳ ለማውጣት

ሰውን በስተርጅና ከሚይዘው በሽታ ሁሉ የከፋው ሐሳብ ነው። ሪህ ሲይዝህ የምትተኛው አንተ ብቻ ነህ፤ ሐሳብ ሲይዝህ ግን ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ እንቅልፍ ያጣል። እኔ ነቀምቴ ላይ ዕድሜዬን በልብስ ስፌት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ዓይኔ ክርና መርፌን አላስታርቅ ሲል ጊዜ መኪናዬን ሸፍኜ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ደግሞ ለልብስ ሰፊ አይበጅም። ሐሳብ ሰርጎ የሚገባው እጅ ሥራ ሲፈታ ነው።

ይህ በሽታ የያዘኝ አኖ የምትባል ከተማ ላይ ነው። እዚያ የልጄ አማት አለ፤ እኛ በጋብቻ የተዛመድነውን ሶዳ እንለዋለን። እንዴት ሰነበትክ ልለው ሄጄ፣ በሩን አልፌ ገና ቀና ከማለቴ አንድ አጋዘን ከግድግዳው ቀንዱን አውጥቶ መጣብኝ። ጎንበስ ብዬ አሳለፍኩት። ሶዳዬ ሳቀ፤ ሚስቱም ከጓዳ ሆና ሳቀች፤ ለካ እንግዳ ሁሉ ጎንበስ እያለ ነው የሚገባው። ፎቶግራፍ ነው። ሲኒማ ቤት እንዲህ ያለውን ለማየት መነጽር ያድላሉ አለኝ፤ ለዚህ ግን መነጽር አያስፈልግም፣ መነጽሩ ፎቶው ላይ ተለጥፏል። በእጄ ነካሁት። ጥፍሬን ስጎትትበት እንደ ማበጠሪያ ክርርር አለ። እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ሽንሽን ነው፤ ሽንሽኑ ግን የጸጉር ያህል የቀጠነ። ከዚያ ወዲያ ምሳ ቀርቦልኝ የበላሁትን አላውቀውም። ዓይኔ ከአጋዘኑ አልተነቀለም፤ ልቤም የሄደው ወደ ዲጋ፣ ወደ ወንድሜ ነበር።

የወንድሜን ነገር ሳልነግራችሁ ወደ ፊት ብሄድ አይገባችሁም። ወንድሜ ኦቦ ጉርሙ የቤታችን የበኩር ልጅ ነው፤ በኛ አገር ሃንገፋ ይባላል። ሃንገፋ ቀድሞ ይናገራል፣ ቀድሞ ይዳራል፣ ቀድሞ ይቆርሳል፤ የሚቀመጠውም ፊት ለፊት ነው። ልጆች ሳለን አንድ ባለ ሦስት እግር ሳጥን የተሸከመ ፎቶ አንሺ ዲጋ መጣና አባታችን ቤተሰቡን ሁሉ አሰለፈ። እንዳትተነፍሱ ተባለ። ሁላችንም እንደ ግንድ ቆምን። ወንድሜ አስነጠሰው። ፎቶው ሲመጣ የእናቴ የአንገት ማተብ ሳይቀር ይታያል፤ ፊት ለፊት የቆመው ሃንገፋ ግን የታጠበ ኮት፣ የተተኮሰ ኮሌታ፣ ከኮሌታው በላይ ጭስ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናታችን ያንን ጭስ በጣቷ እየነካች «ይሄ የበኩር ልጄ ነው» ትል ነበር። አገር ምድሩም ከዚያ ወዲህ ከኋላው «ጭሱ» ይለዋል። ፊት ለፊትማ ማን ይደፍረዋል!

ቅርብ ጊዜ አንድ ጎረቤቱ ዐረፈና ለቅሶ አብረን ወጣን። እንደ ልማዱ የሟች ፎቶ ከፊት ተይዟል። ዘመዶቹ ሌላ ስላጡ የቀበሌ መታወቂያውን ፎቶ አስተልቀውት ኖሮ፣ ምስኪኑ ሰውዬ በገዛ ለቅሶው ላይ ምርመራ የሚጠብቅ ይመስላል። ስንመለስ ወንድሜ ዱላውን መሬት ላይ እየተከለ ተራመደ። ከዚያ እንዲህ አለኝ።

«ለኔ ምን ሊይዙ ነው? መታወቂያዬ ላይ ዶሮ ሰርቄ የተያዝኩ ነው የምመስለው። በአባታችን ፎቶ ደግሞ ጭስ ነኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አፍ በር የለው። «ጋሼ፣ እኔ ከግድግዳ እስክትወጣ ድረስ አስነሣሃለሁ» አልኩት። አጋዘኑን ነገርኩት፣ ቀንዱን ነገርኩት፣ ጎንበስ ማለቴንም አልደበቅኩም። ወንድሜ እሺ አለ፤ ሆኖም ነገሩን በቃል አሰረው።

«አንድ ጊዜ እቀመጥልሃለሁ። ዳግመኛ ጭስ ከሆንኩ ግን ያለ ፊት ቅበሩኝ። ለካሜራ ሁለተኛ እንዳትጠሩኝ።»

ሰማንያን ያለፈ ሰው እንዲህ ሲል ቀልድ አይደለም። እኔም በዚያው ቆረጥኩ።

ነቀምቴ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ያላት ሲፈን የምትባል ሴት አለች። የልጆች እናት ናት፤ እጇም ምላሷም ፈጣን ነው። ፎቶው ላይ የሚለጠፈውን የዚያን ሽንሽን ላስቲክ ሥራ አዲስ አበባ ሄዳ ተምራ መምጣቷን ሰምቼ ሄድኩ። ናሙና ሰጠችኝ፤ የአበባ ማስቀመጫ ነው። እኔ እንደ ልማዴ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አተኮርኩ። ልብስ ሰፊ ሁሉ እንዲያ ነው፤ መርፌ ስናስገባ፣ ስፌት መቅናቱን ስናይ፣ አንድ ዓይን እንዘጋለን። አገላበጥኩና ይሄ እኮ ዝርግ ነው አልኳት። ገልብጣ አየችውና መልሳ ሰጠችኝ። አሁንም ዝርግ ነው አልኳት። እንዳታለሉኝ ሁሉ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም፤ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ተሰበሰቡ።

«አባ» አለችኝ፣ «ሁለተኛው ዓይንዎ የት ሄደ?»

ስገልጠው አበባው አፍንጫዬ ስር መጣ። ሰዉ ሳቀ። ሽንሽኑ ለግራ ዓይን አንድ ምስል፣ ለቀኝ ዓይን ሌላ ምስል እየለየ ይልካል አለችኝ፤ ሁለቱ ጭንቅላት ውስጥ ሲገናኙ ጥልቀት ይወለዳል። እንደ ባልና ሚስት ነው፣ አንዱን ዘግተው ልጅ አይጠብቁ አለችኝ። የማያውቁት ሰዎች ፊት ይህን መስማት ለአንድ ሽማግሌ ቀላል አይደለም፤ ግን ገባኝ።

ሳይገባኝ የቀረው ቀጥሎ ያለችው ነው። ጥልቀትና ጥራት ከአንድ ትሪ የሚበሉ ወንድማማቾች ናቸው፣ አንዱ ጉርሻ ሲያበዛ ሌላው ይራባል አለች። ከወረቀቱ ልክ ላይ የዋለው ነገር ጥርት ይላል፤ ወደ ፊት ብዙ የወጣ፣ ወደ ኋላም ብዙ የገባ ጉም ይለብሳል። ስለዚህ ጥልቀቱን በልክ እናድርገው አለች። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት የእሁድ ማስታወቂያ እንደሚሰማ ሰው ነው፤ ጆሮዬ አለ፣ ልቤ ወጥቷል። በልክ የሚባለውን ነገር ለደንበኛ ስለካ ኖሬ ሰልችቶኛል። ወንድሜን የዲዴሳን ሸለቆ ያህል ጥልቀት አድርጊበት፣ ከግድግዳ ወጥቶ ወንበር የሚቀርብለት ይምሰል አልኳት።

«የዲዴሳን ጥልቀት ከፈለጉ የዲዴሳንም ጉም ይቀበላሉ» አለችኝ።

እኔ ምርቃት መስሎኝ «አሜን» አልኳት።

ቀኑ ደረሰና ዲጋ፣ ወንድሜ ግቢ፣ ማንጎው ስር ተሰበሰብን። የአባታችን ወንበር ከቤት ወጣ። ይህ ወንበር ሁልጊዜ ከበሩ ትይዩ ነው የሚኖረው፤ ወንድሜ አባታችን ካረፈ ጀምሮ ሌላ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም፣ የወንበሩም እግሮች ወለሉን ቦርቡረው ለየራሳቸው መኝታ አበጅተዋል። ያን ዕለት ወንበሩ ከመላው ቤተሰብ ፊት፣ ራቅ ተደርጎ ተቀመጠ። ሃንገፋ ከፊት ነውና። ካሜራዋ ደግሞ አንድ ቦታ አትቆምም፤ በብረት ሐዲድ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላ እየሄደች ታነሣለች። እስክትደርስ ማንም እንዳይነቃነቅ ተባለ። ወንድሜ መጀመሪያ ካሜራዋን በዓይኑ እየተከተለ አስቸገረ፤ የሚያየኝን ሰው አለማየት ንቀት ነው አለ። ሲፈን ከፊቱ ያለውን አጥር እንዲያይ ለመነችው። እሺ አለ፣ አጥሩን አየ፣ ሁላችን ደረቅን፣ ካሜራዋ ግማሽ መንገድ ደረሰች።

የአጥሩ በር ተከፍቶ ጎረቤታችን ኦቦ ዋቅጅራ ገባ። ከወንድሜም በዕድሜ የሚበልጥ የተከበረ ሽማግሌ ነው። እንግዲህ ሽማግሌ ሲገባ ማን ይቀመጣል? ማንም ሳያስብ፣ ቤተሰቡ እንዳለ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። ወንድሜ ተነሣ፣ እኔ ተነሣሁ፣ ሲፈንም እንኳ ሐዲዷን ትታ ተነሣች። «ተአ፣ ተአ» አለን ኦቦ ዋቅጅራ፤ ተቀመጡ ማለቱ ነው። ሲፈን በኋላ በካሜራዋ መስኮት አሳየችን። ሁላችንም ወገባችን ታጥፎ፣ ቂጣችን አየር ላይ፣ ወንበራችን እሳት የተያያዘ ይመስላል።

እንግዳ ሲመጣ አትነሡ ማለት አይቻልም። ሲፈን ሞክራ ነበር፤ ወንድሜ ሰው ገብቶ ቁጭ ያልኩበት ፎቶ የኔ አይሆንም አላት። የኔ ባለቤት ጫልቱ ናት መላ የመታችው። በአካባቢው ያለውን ሽማግሌ ሁሉ አስቀድመን ጠርተን፣ አካም ጅርቱ ብለን፣ ተነሥተን ተቀምጠን፣ ሰላምታውን ጨርሰን፣ ከካሜራው ጀርባ በአግዳሚ ደረደርናቸው። ከዚያ ወዲያ የሚነሡለት ሰው በዲጋ አልቀረም። ካሜራዋም በሰላም ከዳር ዳር ደረሰች።

ፎቶው ታትሞ፣ ላስቲኩ ተለጥፎ ሲያልቅ በጋቢዬ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ጋቢውን ገለጥኩት። ከሩቅ ሲታይ፣ ልብ በሉ፣ ወንድሜ ወጥቷል። ጉልበቱ ወጥቷል፣ ዱላው ወጥቷል፣ የወንበሩ እግር ቤት መሐል ገብቷል። የልጅ ልጁ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እኔ ደረቴን ነፋሁ። ወንድሜ ተነሥቶ ቀረብ አለ፣ ፊቱን ፈለገ። ከኮሌታው በላይ ዳር ዳሩ የተደራረበ፣ ውሃ የነካው ሳሙና የመሰለ ነገር አለ እንጂ ፊት የለም። ከኋላ ያለነው ሁላችን ጥርት ብለናል፤ የጫልቱ የመርፌ ቁልፍ እንኳ ያበራል። ከሁሉም ከሁሉም በላይ የጠራችው ግን ከእግራችን ስር በቅርጫት ውስጥ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ናት። ላባዋ ይቆጠራል። ለነገሩ ለሽማግሌውም ያልተነሣች እሷ ብቻ ነበረች።

ወንድሜ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ለለቅሶዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዶሮዋን ያዙልኝ።»

ከዚያ ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔን ደህና ሁን አላለኝም። ከዲጋ እስከ ነቀምቴ በሚኒባሱ ስመጣ ባዶውን ጋቢ ታቅፌ ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሉታል፤ እኔ የነከስኩት የአጋዘን ቀንድ ነው። ሆኖም አንድ ጸባይ አለኝ፤ የተበላሸ ልብስ ፈትቼ ሳልሰፋ አላድርም። ሰውየው ያለ ፊት አይቀበርም አልኩ።

ሲፈን ነግሬዎት ነበር አላለችኝም። ዲዴሳን አገኙ ብቻ አለችኝ። ከዚያ ነገሩን እንደገና፣ አሁን በሚሰማ ጆሮዬ፣ አስረዳችኝ። ጥርት የሚለው ልክ አንድ ነው፤ እሷ ደግሞ የፈለገችው ሰው ላይ ልታሳርፈው ትችላለች። ወንድሜ ላይ ታሳርፈዋለች። እሱ ከወረቀቱ ልክ ላይ ይሆናል፤ ሌላው ሁሉ ከኋላው ወደ ውስጥ ይገባል፤ እሱ የጋረደውንም ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ያየ ያገኘዋል። ተጠግቶት የተቀመጠ አብሮት ይጠራል፣ የራቀ ይደበዝዛል። ታዲያ ከግድግዳ ላይወጣ ነው ወይ፣ ቃል ገብቻለሁ እኮ አልኳት። ሌላው ወደ ውስጥ ሲገባ እሳቸው የወጡ ይመስላሉ አለችኝ። ይህን ዘዴ ከሷ በፊት ብዙ ባለ ሥልጣን ሳያውቀው አይቀርም።

ወንድሜን ዳግም ማስቀመጥ ግን የካሜራ ሥራ አይደለም። ሁለተኛ እንዳትጠሩኝ ብሏል፣ ሃንገፋ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም። ስለዚህ በአገሩ ሥርዓት ሄድኩ፤ ሽማግሌ ላክሁበት። ኦቦ ዋቅጅራ በመጀመሪያው ቀን መግባቱ እያሳዘነው ስለነበር ራሱ መሪ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፣ አንገባም አሉ፣ ተለመኑ፣ ገቡ። ታናሽህ አጥፍቷል፣ ጥልቀት አብዝቷል፣ ይቅር በለው አሉ። ወንድሜ ለፎቶ ሽማግሌ የተላከበት የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም ብሎ ብዙ አንገራገረ። በመጨረሻ «ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ዶሮዋ ግን ከግቢ ትውጣ አለ።

አሁን የቀረው ማን ይደብዝዝ የሚለው ነው። አንድም ፈቃደኛ የለም። ጫልቱ ለዚሁ ብላ ቀሚስ አሰፍታለች፤ ያውም ከኔ ሌላ ልብስ ሰፊ ጋ። የወንድሜ ሚስት አዴ ቢፍቱ ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላው ኖሬ በፎቶም ልጥፋ ወይ አለች። ሁላችን በአንድ መስመር እኩል ብንደረደርስ ተባለ። ሲፈን እንዲያማ ከሆነ ጥልቀት የለም፣ ለብዙ ሰው የወጣ መታወቂያ ነው አለች። ጥርት ማለት የፈለገ ኦቦ ጉርሙን ይጠጋ።

ይህን ስትል የሆነውን ባያችሁ። ወንድሜን ሰው አይጠጋውም። ፊቱ ያስፈራል፣ ዱላው ያስፈራል፤ ልጆቹ እንኳ ከሱ ጋር የሚነጋገሩት ከበር ሆነው ነው። ያን ዕለት ግን ለጥራት ሲሉ ምራቱ ትከሻው ላይ ተለጠፈች፣ የልጅ ልጆቹ ከጀርባው ተጋፉ፣ ቢፍቱ እጇን ወንበሩ ላይ ሳይሆን አንገቱ ላይ አሳረፈች። ኮቴን ታጨማድዱታላችሁ እያለ አጉረመረመ። ማንንም ግን አልገፋም።

ሲፈን በመስኮቷ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ሁሉም ተጣብቋል፣ ከኋላ ያለው ኮረብታ ደግሞ ከመጠን በላይ ሩቅ ነው፤ ዛሬ ወንበሩን ስላዞርኩት የአጥሩ በር ከጀርባችሁ ነው፣ መሐሉን የሚያሳይ አንድ ሰው እዚያ ቢቆምልኝ አለች። የሚደበዝዝ ሰው ማለቷ ነው። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ቀጥሎ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጫልቱ ናት የተናገረችው።

«ዲዴሳን የጠየቀ ዲዴሳ ይውረድ።»

ባርኔጣዬን አድርጌ ወደ አጥሩ በር ሄድኩ። እግረ መንገዴንም ሽማግሌ እንዳይገባብን በሩን ጠበቅኩ።

ሁለተኛው ፎቶ ሲሰቀል ጋቢውን እንዲገልጠው ለኦቦ ዋቅጅራ ተውኩለት። ወንድሜ ዱላውን ተደግፎ ቀረበ። አገጩ ላይ ያለችው ጠባሳ አለች። ጆሮው ላይ የበቀለው ጸጉር አለ። የዓይኑ ሥር መስመሮች አንድ በአንድ አሉ፤ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ እንደ ክንፍ ከጀርባው ተሰብስበው እሱን ወደ ፊት የሚገፉት ይመስላል። ከግድግዳ ወጥቷል። ፊቱን አገኘ።

«አርጅቻለሁ እኮ» አለ። ቀጥሎ ዞር ዞር ብሎ ፈለገና «ወንድሜስ የታለ?» አለ።

ቢፍቱ በጣቷ ነካችው። ከኋላ፣ ከአጥሩ በር ምሰሶ አጠገብ፣ ባርኔጣ የደፋ ጉም።

ወንድሜ ሲስቅ የሰማሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ዱላው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። በአባታችን ፎቶ እሱ ጭስ፣ በዚህ ደግሞ እኔ ጭስ፤ አሁን እኩል ሆነናል፣ ተቀመጥ አለኝ። ለለቅሶው የሚያዘው ይኼው ነው አለ፤ ፎቶው ከደረሰ ግን ሞቱ ይቆይ፣ ጥቂት ላየው አለ። ወንበሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ፎቶውም ከወንበሩ ትይዩ፣ ከበሩ በላይ ተሰቀለ።

ቆየት ብዬ ሳልነግረው ዲጋ ወረድኩ። በሩ ክፍት ነው። ገባሁና ወንድሜን ከቦታው አጣሁት። የአባታችን ወንበር ተነሥቷል። ወለሉ ላይ እግሮቹ የቦረቦሯቸው ጉድጓዶች ባዶአቸውን አፋቸውን ከፍተዋል። ወንበሩ በግራ በኩል ወደ ጥግ ተጠግቶ፣ ብርሃን ከማይደርስበት ቦታ ወንድሜ ተቀምጦበታል። ከዚያ ሆኖ ደጅ አይታይም፤ በግቢው የሚገባ የሚወጣው ሰው አይታይም። ሃንገፋ የሚቀመጥበት ቦታ አይደለም።

ለምን ተዛወርክ አልኩት።

«ነፋስ ይገባል» አለኝ።

በርጩማ አመጡልኝና ወንበሩ ከነበረበት፣ ከጉድጓዶቹ መሐል ተቀመጥኩ። ነፋስ የለም። ቀና ብዬ ፎቶውን አየሁት። ወንድሜ አለ፣ ቤተሰቡ አለ፤ እኔ ግን የለሁም፣ ትከሻው ጋርዶኛል። ትንሽ ወደ ጥጉ ዘመም አልኩ። ምንም። ከበርጩማዬ ሳልነሣ ወደ ወንድሜ ጥግ ተንፏቀቅኩ፤ ጉልበቴ ጉልበቱን ሲነካ፣ ከትከሻው ጀርባ፣ ከአጥሩ በር አጠገብ፣ ባርኔጣ የደፋ ጉም ቀስ ብሎ ብቅ አለ።

ወንድሜ እንደ ፎቶው ዕለት፣ አጥሩን እንደሚያይ ሰው ወደ ፊቱ ብቻ ያያል።

«እውነትም ነፋስ አለ» አልኩትና እዚያው ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።